ሰሌዳዋ ሳትነቀል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ካውንቲዎች የምትኖሩ ወገኖች፣ ይህን ማንቂያ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ማለዳ ወደ ሥራ በምትሄዱበት መንገድ ዳር፣ ድርቆሽ በሚታጨድበት ወይም ፈረስ በሚሰማራበት መሬት አጥር ሥር አንዲት ሰሌዳ ተተክላ አይታችሁ ይሆናል። ጽሑፏ ደቃቃ ነው። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ከላይ ካሉት ሁለት ሦስት ቃላት በቀር አይነበብም። ከሥር የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና የስብሰባው ቦታ ተጽፏል። መልእክቷ ይህ ነው፦ የመሬቱ ባለቤት፣ ወይም መሬቱን ለመግዛት የተዋዋለ አልሚ፣ የእርሻው ቦታ ለሱቅና ለገበያ እንዲፈቀድለት ጠይቋል፤ የካውንቲው ቦርድ በተባለው ቀን የሕዝብ አስተያየት ሰምቶ ድምፅ ይሰጣል።

ቀኑ ሲያልፍ ሰሌዳዋ ትነቀላለች። ከእርሷ በኋላ ወደዚያ መሬት የሚመጣው ቡልዶዘር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስልክ ብንደዋወል፣ ፊርማ ብናሰባስብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ብዙዎቻችን ሰሌዳዋን አይተን እናልፋታለን። ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም። ያደግንበት አገር ስለ መሬት ያስተማረን ነገር አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተሉ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ቀበሌ ለስብሰባ ሲጠራን የሄድነው ተወስኖ ያለቀውን ለመስማት ነበር። በአጥራችን ላይ ምልክት ተቀብቶ ሲገኝ ማን ቀባው ብለን የምንጠይቅ እንጂ ይቀባ ወይ ተብለን የተጠየቅን አልነበርንም። እንግዲህ ያንን ልማድ በሻንጣችን ይዘን መጥተን፣ እዚህ መንገድ ዳር የተተከለችውንም ሰሌዳ እንደ ትእዛዝ እናነባታለን። ያለቀ ነገር ነው ብለን ጋዙን እንረግጣለን።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ያቺ ሰሌዳ ትእዛዝ አይደለችም፤ ጥያቄ ናት። የተጠየቀውም በዚያ መንገድ የሚያልፍ፣ በዚያ ውሃ የሚጠጣ፣ በዚያ ካውንቲ ግብር የሚከፍል ሰው ሁሉ ነው። መልስ ካልሰጠን ሌሎች በእኛ ፈንታ ይመልሱታል።

ጥያቄው ምንድን ነው?

በአሜሪካ መሬት የግል ቢሆንም በላዩ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ይህ ሥልጣን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጸደቀው በ1926 እ.ኤ.አ.፣ የኦሃዮዋ ዩክሊድ መንደር በተከሰሰችበት ታዋቂ መዝገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ካውንቲዎች መሬታቸውን በካርታ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቦታ ዞን ሰጥተውታል፤ ይህ ለመኖሪያ፣ ያ ለፋብሪካ፣ ይህኛው ለንግድ፣ ያኛው ለእርሻ እያሉ። የገጠር ዞን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ኤከር ላይ አንድ ቤት ብቻ የሚፈቀድበት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 የእርሻ ክልል ብሎ በለየው 93 ሺህ ኤከር ገደማ መሬት ላይ የሚፈቀደው በ25 ኤከር አንድ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የፌርፋክስ ካውንቲ በ1982 ወደ 41 ሺህ ኤከር የሚጠጋ መሬት ላይ በ5 ኤከር አንድ ቤት ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ውሃ ነበር። መሬቱ ዝናቡን ወደ አኮኳን የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚልክ መሬት ነው። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ ከቧንቧ ቀድተን ቡናችንን ከምናፈላበት ውሃ ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። ያኔ በስብሰባ አዳራሽ የተቀመጡ ሰዎች ባይከራከሩ ኖሮ ያ መሬት ዛሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ሪዞኒንግ ማለት ይህን ዞን ማስለወጥ ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ በካውንቲው ባለሙያዎች ይጠናል። ቀጥሎ ፕላኒንግ ኮሚሽን የሚባለው አካል ሕዝብ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በመጨረሻ በሕዝብ የተመረጠው አካል፣ በቨርጂኒያ ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ፣ እንደገና ሕዝብ ሰምቶ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ለእኔና ለእናንተ የተከፈቱ በሮች እነዚህ ሁለት ስብሰባዎች ናቸው። ሌላው ነገር ሁሉ የሚያልቀው በጠበቆችና በባለሙያዎች መካከል ነው።

የሚፈቀደው ሱቁ አይደለም፤ ዞኑ ነው

አሁን ዋናውን ማስጠንቀቂያ ልናገር። አልሚው ስብሰባ ላይ ሲመጣ የሚያምር ሥዕል ይዞ ነው። ዛፍ የተተከለበት መንገድ፣ ትንሽ ዳቦ ቤት፣ ልጆች አይስክሬም የሚበሉበት አደባባይ ይታያል። ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው ግን በሥዕሉ ላይ ብቻ አይደለም። የሚለወጠው የመሬቱ ዞን ነው፤ ዞኑ የሚፈቅደው ሁሉ፣ በሰነድ የታሰረ ገደብ ከሌለው፣ አብሮ ይፈቀዳል። አልሚው ነገ መሬቱን ቢሸጠው ፈቃዱ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ዳቦ ቤቱ ቀርቶ የነዳጅ ማደያ ቢመጣ፣ ዞኑ ከፈቀደለት አዲስ ስብሰባ የሚጠራ ላይኖር ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም፤ በዚሁ በምንኖርበት አካባቢ የደረሰ ነው። የፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ቦርድ በ1986 ከማናሳስ የጦር ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያለ ስቱዋርትስ ሂል የሚባል፣ 540 ኤከር ያህል የገጠር መሬት ለቅይጥ ግንባታ እንዲውል ዞኑን ለወጠ። ለሕዝቡ የተነገረው የቢሮ ሕንፃዎችና መኖሪያ ቤቶች ይሠሩበታል የሚል ነበር። ጉዳዩ ያለብዙ ጩኸት አለፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1988፣ አልሚው በዚያው መሬት ላይ 1.2 ሚሊዮን ካሬ ጫማ ስፋት ያለው ትልቅ የገበያ ማዕከል እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። ሕዝቡ ደነገጠ። አዲስ ፈቃድ አያስፈልገውም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የተገኘው መልስ፦ አያስፈልገውም፣ በ1986 የተሰጠው ዞን ይፈቅድለታል የሚል ሆነ።

ስቱዋርትስ ሂል የተባለው ያ ኮረብታ በነሐሴ 1862 በሁለተኛው የማናሳስ ጦርነት ጄኔራል ሊ ጦሩን የመራበት ቦታ ነው። አኒ ስናይደር የምትባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በማሪን ጦር መኮንን የነበረች የአካባቢው ገበሬ ተነሳች። ይህች ሴት ከዚያ ቀደም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያው አካባቢ የመዝናኛ መናፈሻ ሊሠራ ሲል የተከራከረች ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ጠረጴዛ ዘርግታ ፊርማ አሰባሰበች፤ ጋዜጣውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የአገሪቱን ኮንግሬስ አስጨነቀች። በዚህ መካከል በ1988 በጋ ቡልዶዘሮቹ መሬቱን መግፈፍ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ኮንግሬስ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በኅዳር 1988 ፈረሙበት፤ መሬቱ በሕግ ተወስዶ የፓርኩ አካል ሆነ። ለባለመሬቱ የተከፈለው ካሳ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የከፈለው የአገሪቱ ግብር ከፋይ ነው።

ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ነው። በ1986 በዚያ አዳራሽ ጥቂት ሰዎች ተነስተው፦ ይህ ዞን የገበያ ማዕከል ይፈቅዳል ወይ? ካልታሰበ በጽሑፍ ለምን አይከለከልም? ብለው ቢጠይቁ ኖሮ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊታሰር ይችል የነበረ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባለመጻፏ አገር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። የእናንተ ሰፈር ደግሞ የጦር ሜዳ የለበትም። ኮንግሬስ አይመጣላችሁም።

በቃል የተነገረ ቃል ኪዳን አይደለም

በቨርጂኒያ አልሚው በራሱ ፈቃድ ለካውንቲው የሚገባው የጽሑፍ ግዴታ አለ፤ ፕሮፈር ይሉታል። መብራቱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጠፋ፣ በመሬቱ ጠርዝ ስንት ጫማ ስፋት ያለው ዛፍ እንደሚቀር፣ ለመንገዱ መታጠፊያ ማን ገንዘብ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ዓይነት ንግድ ጭራሽ እንደማይገባ፣ ሁሉም በዚህ ሰነድ ሊሰፍር ይችላል። ቦርዱ ከተቀበለው ግዴታው መሬቱን ያስራል፤ ባለቤት ቢለዋወጥም አይፈታም። ነገር ግን ሰነዱ መግባት ያለበት ቦርዱ ሕዝብ ከሚሰማበት ስብሰባ በፊት ነው። ከዚህ የተነሳ፣ አልሚው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ለጎረቤቶች ቡና እያቀረበ የተናገረው ሁሉ፣ ሰነዱ ውስጥ ከሌለ የለም። ፈገግታ አይታሰርም፤ የእጅ መጨባበጥ አይመዘገብም። አልሚው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ መሬቱን ከእርሱ የሚገዛው ሰው ግን ምንም ቃል አልሰጣችሁም።

ጊዜው ከምታስቡት ያነሰ ነው

በቨርጂኒያ ሕግ ለአጎራባች መሬቶች የሚላከው ደብዳቤ ከስብሰባው 5 ቀን ቀድሞ ከተላከ ይበቃል። የሚላከውም መሬቱን ለሚያዋስኑና ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ላሉ ቦታዎች ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለው ሰው፣ መኪናው በዚያው መንገድ ቢታፈንም፣ ደብዳቤ ሊላክለት ግዴታ የለም። ደብዳቤው ለቤቱ ባለቤት ከተላከ ደግሞ ተከራዩ ላያየው ይችላል። ከዚህ ሌላ ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል፤ የስንቶቻችን ቤት ነው የካውንቲው ጋዜጣ የሚገባው? ለብዙዎቻችን የቀረችው ያቺው የመንገድ ዳር ሰሌዳ ናት።

ከውሳኔው በኋላስ? ቦርዱ ድምፅ ከሰጠ በኋላ በፍርድ ቤት ለመቃወም ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ጠበቃ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በቀጥታ የሚነካችሁ መሆኑን ማስረዳት ይጠይቃል። ያም ተሟልቶ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩ ሚዛናዊ ሰዎችን ሊያከራክር የሚችል ነው ካሉ ለቦርዱ ውሳኔ ያደላሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ሕግ ሆኖ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

የማስታወቂያ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቅርቡ በዚያው በፕሪንስ ዊልያም ታይቷል። በታኅሣሥ 2023 ቦርዱ 27 ሰዓት ገደማ በፈጀ ስብሰባ፣ በማናሳስ ፓርክ አጠገብ ከ1,700 ኤከር የሚበልጥ የገጠር መሬት ለዳታ ሴንተር እንዲውል በጠባብ ድምፅ ወሰነ። ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ወረፋ ይዘው ተናገሩ። በነሐሴ 2025 አንዲት ዳኛ ያን ውሳኔ ሻሩት፤ ምክንያቱም ስብሰባው ሕጉ በሚያዘው መንገድ በማስታወቂያ አልተነገረም የሚል ነበር። ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ሄደ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ሕጉ ራሱ የእናንተን ማወቅ እንደ ትልቅ ነገር ይቆጥረዋል። እናንተስ?

ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው

ባለመሬቱ መብት የለውም አልልም። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት፣ ጉልበቱ የደከመ ገበሬ መሬቱን ሸጦ ቢያርፍ አልፈርድበትም። የገጠር ነዋሪም ዳቦና መድኃኒት በቅርቡ ማግኘት አለበት። ነገር ግን ዛሬ በእጁ ያለው መብት አለ፤ በዞኑ የተፈቀደውን ማረስም መሥራትም ይችላል። ከቦርዱ የሚጠይቀው ተጨማሪ መብት ነው። ያ ተጨማሪ መብት የመሬቱን ዋጋ ያንረዋል፤ ወጪው ግን ለጎረቤቱ ይተርፋል። ስለዚህ ጎረቤት ይናገር ዘንድ ተገቢ ነው።

አልሚው የሚያነሳው የመጀመሪያ ነገር ግብር ነው። እርሻ ዝቅተኛ ግብር ይከፍላል፤ ሱቅ የንብረት ግብርም የሽያጭ ታክስም ያስገባል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሒሳቡ ሌላ ወገን አለ። የሚሰፋው መንገድ፣ አዲሱ የትራፊክ መብራት፣ የሚጨመረው የፖሊስና የእሳት አደጋ ጥሪ በማን ይከፈላል? አዲሱ ገበያ የሚያስገባው ሽያጭስ ምን ያህሉ አዲስ ነው፣ ምን ያህሉ ሦስት ማይል ርቆ ካለው የቆየ ገበያ የተወሰደ ነው? በዚያ በቆየው ገበያ ውስጥ እኛ አለን። እንጀራ የሚሸጠው ግሮሰሪ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ሬስቶራንቱ አብዛኛው በአሮጌ የገበያ ረድፍ ውስጥ ተከራይቶ የሚሠራ ነው። ትልቁ ግሮሰሪ ወደ አዲሱ ቦታ ሲሄድ የድሮው ረድፍ ፓርኪንግ ባዶ ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚው ይቀንሳል፤ አከራዩም ሕንፃውን አፍርሶ ሌላ ለመሥራት ያስባል። ስለዚህ የገጠሩ መሬት ነገር የእኛን ሱቅ አይነካም የሚል ነጋዴ ካለ ቆም ብሎ ያስብ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በ1 ኤከር መሬት ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲዘንብ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ነው። ሣርና አፈር ከዚያ ብዙውን ይጠጡታል፤ አስፋልት ግን አይጠጣም። 20 ኤከር ጣሪያና ፓርኪንግ ሲሆን በአንድ ዝናብ 2 ሚሊዮን ሊትር መሄጃ ይፈልጋል። አልሚው የውሃ ማቆሪያ እንዲሠራ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ማቆሪያው በቂ መሆኑንና ከሃያ ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠግነው ግን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በገጠሩ አካባቢ ብዙ ቤት የሚጠጣው ከራሱ ጉድጓድ ነው፤ ፍሳሹም በሴፕቲክ ነው። ጎረቤቱ ሲለወጥ የጉድጓዱ ነገር ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ሱቁ ራሱ የሚሄድ መሆኑ ነው። ትልልቆቹ የችርቻሮ ድርጅቶች ሕንፃ ጥለው ወደ ሌላ መሄድ የተለመደ ሥራቸው ነው። አንዳንዶቹ ሲለቁ ተፎካካሪ እንዳይገባበት በውል አስረውት ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የሚቀረው ባዶ ሣጥን የሚመስል ሕንፃና ሣር የበቀለበት አስፋልት ነው። አስፋልት የተነጠፈበት አፈር ተመልሶ ስንዴ ሲያበቅል አላየሁም።

ትልቅ ስለሆነ አይረታም አትበሉ

በዚያው በቨርጂኒያ፣ በኦሬንጅ ካውንቲ፣ በ1864 ግራንትና ሊ የተገናኙበት የዊልደርነስ የጦር ሜዳ አጠገብ ዋልማርት 138 ሺህ ካሬ ጫማ የሚሰፋ መደብር ለመሥራት ጠየቀ። በነሐሴ 2009 ቦርዱ 4 ለ1 በሆነ ድምፅ ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ከ250 በላይ የታሪክ ምሁራን አስቀድመው በደብዳቤ ተቃውመው ነበር። ነዋሪዎችና የቅርስ ጠባቂ ድርጅቶች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በጥር 2011፣ ክርክሩ ሊሰማ በደረሰበት ሰዓት፣ ዋልማርት ቦታውን ትቻለሁ አለ። ከዚያ ጥቂት ማይል ርቆ ሌላ ቦታ ፈለገ፤ በ2013 ደግሞ የተወውን መሬት ለቨርጂኒያ ግዛት በስጦታ ሰጠ። ከዚያ በፊት በ1993 ዲዝኒ በፕሪንስ ዊልያም ሄይማርኬት አጠገብ ሊሠራ ያሰበውን ግዙፍ የመዝናኛ ስፍራ በዓመቱ ትቶታል።

እነዚህ ኩባንያዎች የተመለሱት ገንዘብ አጥተው አልነበረም። ሱቁ ሌላ ቦታም ሊሠራ እንደሚችል የሚናገሩ ሰዎች ስላልተበተኑ ነው። የኦሬንጅ ካውንቲ ሰዎች ሱቅ አጥተው አልቀሩም፤ የጠፋው ሱቁን የተሳሳተ ቦታ ላይ የመሥራት ሐሳብ ብቻ ነው።

የምንሰጣቸው ምክንያቶች

ዜጋ አይደለሁም የሚል አለ። የሕዝብ ስብሰባ ላይ ለመናገር ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ስማችሁንና የምትኖሩበትን አካባቢ ትናገራላችሁ፤ በቃ። እንግሊዝኛዬ አይሞላም የሚል አለ። ደብዳቤ በኢሜይል መላክ ይቻላል፤ ልጃችሁ ሊያነብላችሁ ይችላል፤ አስተርጓሚም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትናገሩት ረጅም ንግግር አይደለም፤ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ጊዜ 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ማታ ሥራ አለብኝ የሚለው እውነተኛ ችግር ነው። ታክሲ የምትነዱ፣ ፓርኪንግ የምትሠሩ፣ በሆስፒታል ሌሊቱን የምታድሩ ሰዎች ሁለት ሰዓት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእድር አባላት፣ ከሰንበት ማኅበር፣ ከመስጊዱ ጀመዓ አንድ ሰው ወክሉ። አንዱ ለሃያው ይናገር፤ ሃያው ኢሜይል ይላክ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝም አይነቅዝም የምንለው ነው። በሰው አገር ነገር ውስጥ ምን አገባን እንላለን። ሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ የሚከፈልበት አገር፣ ልጆች የተወለዱበት፣ ወላጆች የተቀበሩበት አገር የሰው አገር የሚባለው እስከ መቼ ነው? ዝምታ በእርግጥ አይነቅዝም፤ በቦርዱ መዝገብ ላይ ግን አይጻፍም። ተቃዋሚ አልቀረበም ተብሎ ሲነበብ ከዚያ ውስጥ የእኛ ዝምታ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ነገ ማመልከቻ የሚያስገባው ከእኛ ወገን ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት፣ አዳራሽ ለመክፈት፣ ግሮሰሪ ለማስፋት ከከተማ ወጣ ያለ መሬት የሚገዙ ማኅበሮቻችን ብዙ ናቸው። ዞኑን ሳይጠይቁ ገንዘብ የከፈሉ፣ ኋላ ፈቃድ ሲከለከሉ የሚያዝኑ አሉ። ስብሰባውን በጎረቤትነት የለመደ ሰው በአመልካችነት ሲቆም አይደናገጥም። ጎረቤቶቹም ያውቁታል።

አሁን ምን እናድርግ?

ሰሌዳዋን ስታዩ መኪናችሁን በደህና ቦታ አቁሙና ፎቶ አንሷት። የመዝገብ ቁጥሩ ቁልፍ ነው። በካውንቲው ድረ ገጽ ቁጥሩን ስታስገቡ ማመልከቻው፣ ካርታው፣ የትራፊክ ጥናቱና የግዴታው ሰነድ ይወጣል፤ ካልሆነላችሁ ለፕላን ቢሮው ደውሉና የጉዳዩን ኃላፊ አገናኙኝ በሉ። የባለሙያዎቹ ሪፖርት ከስብሰባው ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ሁሉን ማንበብ ባትችሉ የመጨረሻውን የውሳኔ ሐሳብ አንብቡ። ከዚያ ለአካባቢያችሁ ተመራጭ ቢሮ ጻፉ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ፣ እርሱም እናንተን አያውቃችሁም፤ ይህን ዛሬ አስተካክሉ።

በስብሰባው ስትቆሙ እነዚህን ጠይቁ። ይህ ዞን ከተፈቀደ ከዚህ ሱቅ ሌላ ምን ምን ይፈቀዳል? አልሚው የተናገረው ሁሉ በሰነዱ ውስጥ አለ ወይ? የካውንቲው አጠቃላይ ዕቅድ ይህን ቦታ ገጠር ይለዋል ወይስ ንግድ? ለዝናቡ ውሃና ለጎረቤት ጉድጓድ ምን ታስቧል? ሱቁ ቢዘጋ ሕንፃው ምን ይሆናል? በቁጣ ሳይሆን በጥያቄ ተናገሩ። ጥያቄ በመዝገብ ይገባል፤ መልስ የሌለው ጥያቄም ለቦርዱ ከስድብ ይልቅ ይከብደዋል።

ከዚህም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። በቨርጂኒያ እያንዳንዱ ካውንቲ አጠቃላይ ዕቅዱን ቢያንስ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። በዚያ ዕቅድ ላይ ገጠር የተባለው መሬት አንዴ ንግድ ተብሎ ከተቀለመ፣ ሪዞኒንጉ ሲመጣ ክርክሩ ግማሹ አልቋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ሁሉንም ሱቅ እንድትቃወሙ አይደለም። አንዳንዱን ደግፋችሁ ልትናገሩ ትችላላችሁ። የምለምናችሁ ስትጠየቁ እንድትመልሱ ነው። ነገ ጠዋት በዚያ መንገድ ስታልፉ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ሰሌዳዋን አንብቡ። ቀኑን በስልካችሁ መዝግቡ፤ ለጎረቤታችሁም ንገሩ። በተባለው ምሽት በአዳራሹ ተገኙ።